አቦሉ ሰማይ ላይ ነው

አረፍ ይበሉ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ሌላ ቡና ላጫውትዎ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት መድቦ ስም አውጡላቸው ብሎ ነበር። ለእኛ የደረሰችን ኮከብ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለች ናት። ኮከቧ «ቡና»፣ የምትዞራት ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። አቦል በክብደት ጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ የምትበልጥ ጉድ ናት። ቶናና በረካ ግን እስካሁን አልተገኙም! የኮከቧ ርቀት 200 የብርሃን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ አንድ ማታ ኮከቧን በባይኖኩላር ቢያይዋት ዓይንዎ የሚገባው ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው።

የእኛ ሰማይ፣ አላወቅንለትም እንጂ፣ ሀብታም ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም ታያለች። ለንደን ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን ከቤቱ ሆኖ አያያትም፤ ሲድኒ ያለው ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያውቃትም። እንጦጦ ላይም ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ጥሩ ነው፤ ግን የመርካቶ ልጅ እንጦጦ ድረስ ይውጣ?

ቴሌስኮፕን ሰው ወዳለበት በማውጣት የምወደው ሰው ጆን ዶብሰን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መነኩሴ ነበር፤ በኋላ ከገዳሙ ተሰናበተ። ከተጣለ መስታወትና ከእንጨት ቴሌስኮፕ እየሠራ መንገድ ዳር ያቆምና አላፊ አግዳሚውን «ና ሳተርንን እይ» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ከባልንጀሮቹ ጋር የመሠረተው የእግረኛ መንገድ ሥነ ፈለክ ማኅበር ፈለጉን በብዙ አገር አስይዟል። ትኬት የለ፣ ንግግር የለ። እንደ እኔ የሥነ ፈለክ ክበብ ሥራ ይኸው ነው፤ አዳራሽ ውስጥ በስላይድ የሚደረገው ገለጻ ይቆይልኝ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሰው በስልኩ ያየውን ባለ ቀለም ፎቶ ጠብቆ ይመጣና የአንድሮሜዳን ጋላክሲ በቴሌስኮፕ ሲያይ ግራጫ ጭጋግ ያገኛል። ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም፤ ካሜራ ያጠራቅማል። ስለዚህ ለጀማሪ ጨረቃንና ሳተርንን ያሳዩት። ጨረቃም ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ነው የምታምረው፤ የተራሮቿ ጥላ የሚረዝመው ያኔ ነው።

ፎቶውን ከፈለጉ ስልክዎም ይበቃል። ትሪፖድ ላይ ያስሩት፣ «ፕሮ» የሚለውን ይክፈቱ፣ አይኤስኦውን 1600 አካባቢ ያድርጉት፣ ጣትዎ እንዳያነቃንቀው በሰዓት ቆጣሪ ያንሡ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከልክ በላይ ከቆዩ ከዋክብቱ መስመር ሆነው ይወጣሉ። የድሮው ስሌት 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው፤ ለ25 ሚሊሜትር 20 ሰከንድ ይሰጣል። እኔ ግን 15 ይብቃ እላለሁ።

ፍኖተ ሐሊብ መሐሉ በቀውስ በኩል ነው። ለንደን ላይ ቢበዛ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ 52 ዲግሪ ይደርሳል። ክፋቱ፣ አመሻሹ ላይ ከሁሉ ከፍ የሚለው በክረምት ነው፤ ደመናው ይበላብናል። ደግነቱ መስቀል ካለፈ በኋላም በደቡብ ምዕራብ በኩል ይቆያል። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ይምረጡ፣ ከከተማው መብራት ወጣ ይበሉ፣ ማታ 1:30 ላይ ይመልከቱ። ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ደግሞ እባክዎ ይንገሩት፤ ከሳሎን ያውጣውና መንገድ ዳር ያቁመው።