በቁልቁለቱ ግርጌ

በስዊዘርላንድ ተራሮች ሥር ለሚያድግ ልጅ ስኪ፣ ማለትም የበረዶ ሸርተቴ፣ ከጨዋታነቱ ይልቅ የአገር ልጅነት መታወቂያነቱ ይመዝናል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት መካከል ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ይህም የስፖርት ዕረፍት ይባላል። የዕረፍቱ ምንጭ ግን ስፖርት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከሰል በመመናመኑ የመማሪያ ክፍሎችን ማሞቅ ስላስቸገረ ተማሪዎች ለጥቂት ጊዜ ይሰናበቱ ጀመር፤ ጦርነቱ ሲያልፍ ከሰሉ ተመለሰ፣ ዕረፍቱም ጸና። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ከመምህሩ ጋር ወደ ተራራ ወጥቶ የሚከርምበት ሳምንት በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነው። የአገሪቱ ፌዴራላዊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሰጠው ውሳኔ፣ እንዲህ ያለው ጉዞ ግዴታ ከሆነ ወላጅ ሊጠየቅ የሚገባው ልጁ በቤቱ ባለመብላቱ የሚተርፈውን የምግብ ዋጋ፣ ይኸውም በቀን ቢበዛ 16 ፍራንክ ብቻ ነው ብሏል። የገንዘቡ ነገር በዚህ ቀለለ። ዳሩ ግን ጓደኞቹ እንደ ወፍ ሲወርዱ እርሱ ብቻ በቁልቁለቱ አናት ተገትሮ ለሚቀር ልጅ የሚፈርድለት ዳኛ የለም።

በበርን ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት በዚህ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከሩ። እሱ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ እሷ አረጋውያንን ታስታምማለች። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው ስለ በረዶ በልጅነታቸው ያወቁት ቢኖር በሐምሌ ቆርቆሮ ሲደበድብ የሰሙትን ነው። ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ገና በአራትና በአምስት ዓመታቸው ሸርተቴ ላይ ቆመዋል፤ እሷ ግን ረግጣውም አታውቅ። የክፍሉ የተራራ ሳምንት ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ገንዘብ አጠራቅመው አምስት ቀን በግሪንደልቫልድ ለማሳለፍ ወሰኑ። ጫማውንና ሸርተቴውን ተከራዩ፤ ሱሪውንና ጓንቱን ከጎረቤት ልጅ ወረሰች። የቀረው አስተማሪው ነበር።

አባት የፈለገው የግል አስተማሪ ነው። ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። የጀማሪዎች ቡድን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫቸውን ያልጠረጉ ሕፃናት፣ በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ተሰልፈው የሚወጡበት ቡድን ማለት ነውና፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በመካከላቸው እንደ ባሕር ዛፍ ቆማ ትታየዋለች።

«ልጄን የሕፃናት መሣቂያ አላደርጋትም» አለ። «በቀን ሁለት ሰዓት ብቻዋን ብትማር ይሻላታል።»

«የሁለት ሰዓቱን ዋጋ አይተኸዋል?» አለች ሚስት። «ደግሞስ ከዚያ በኋላ ከማን ጋር ልትንሸራተት ነው? ከአንተ ጋር?»

እሱም ሮቤል ተክለማርያምን ጠቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ብቻውን የገባውን። አንድ ሰው ብቻውንም ይበቃል ለማለት ነው። እሷ ግን ነገሩን አጥርታ ታውቀው ኖሮ፣ «እሱ የተወዳደረው አገር አቋራጩን ነው፤ የእኛ ጭንቀት ቁልቁለቱ ነው» ብላ ዘጋችው።

ታሪክም ወደ ሚስት ያደላል። ኦስትሪያዊው ሃነስ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1921 በሳንክት አንቶን የስኪ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ትምህርቱን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ከፋፍሎ፣ ተማሪዎቹንም በችሎታቸው መድቦ በቡድን ማስተማርን ሥርዓት አደረገው። ከዚያ ወዲህ በአልፕስ ያለ አስተማሪ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የእርሱ ደቀ መዝሙር ነው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያን ሲውጡ ሽናይደርን አሠሩት፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በኒው ሐምፕሸር ማስተማሩን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ደረጃ የበረዶ ማረሻ ይባላል። የሁለቱ ሸርተቴዎች ጫፍ ከፊት ተቀራርቦ ኋላቸው ሲከፈት፣ ውስጠኛው ጠርዝ በረዶውን ይነክስና ፍጥነቱን ያበርዳል። ልጆቹ ቅርጹን አይተው ፒዛ ይሉታል፤ ሸርተቴዎቹ ጎን ለጎን ቀጥ ሲሉ ደግሞ የተጠበሰ ድንች። (ለገበሬ ልጅ ቢሆን ማረሻ መባሉ ይበቃ ነበር።) ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ጠላቱ ፍርሃት ነው። የፈራ ልጅ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሸርተቴው ፊት ክብደት ያጣል፤ ክብደት ያጣ ሸርተቴ አልታዘዝ ይላል፤ ያልታዘዘው ሸርተቴ ይፈጥናል፤ ልጁም የባሰ ይፈራል። በፍርሃትሽ ላይ ተደገፊ፣ ወደ ገደሉ አዘንብዪ ብሎ አንድን ልጅ በቃል ማሳመን ለየትኛውም አዋቂ ከባድ ነው። ልጅ የሚደፍረው እኩያው ወድቆ በረዶውን እያራገፈ ሲስቅ ባየ ጊዜ ነው። እኩያው ግን መሆን አለበት፤ የአራት ዓመት ሕፃን ሲወድቅ ማየት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ድፍረት አይሰጣትም፤ ሕፃኑ ሳይወድቅ ሲወርድ ማየትማ ያሳፍራታል። በዚህ ረገድ አባት ትክክል ነበር።

በመጨረሻ ክርክሩን የፈታው አንድ የስልክ ጥያቄ ነው። እናትየዋ ስለ ዋጋ አልጠየቀችም፤ ስለ አስተማሪው ማዕረግም አልጠየቀችም። «በዚያ ሳምንት ከስምንት እስከ አሥር ዓመት የሆናቸው ጀማሪዎች ስንት ናቸው?» አለች። አራት ተመዝግበዋል፤ አምስት ከሞሉ ከሕፃናቱ ተለይተው ለብቻቸው ይማራሉ ተባለች። አምስተኛዋን በዚያው አስመዘገበች። ለጠዋት ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የጀማሪ እግር ስለሚዝልና የዛለ እግር አደጋ ስለሚጠራ፣ ይህ ቁጠባ ብቻ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት በቦድሚ የጀማሪዎች ሜዳ፣ 3,967 ሜትር ከፍታ ያለው አይገር ፊት ለፊት ተገትሮ ሳለ፣ አባት ከአጥሩ አልነቃነቅ አለ። ልጅቷ በወደቀች ቁጥር እጁ ከኪሱ ይወጣል። አስተማሪዋ በትሕትና በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ አልገባውም። ልጅቷ ግን ለአምስተኛ ጊዜ ወድቃ ስትነሣ፣ ቡድኑ በማያውቀው በአማርኛ፣ «አባዬ፣ ሂድ እንጂ!» አለችው። ሄደ። ከሻይ ቤቱ መስኮት ሆኖ ማየቱን ግን አልተወም።

ዓርብ የትንንሾቹ ውድድር ነበር፤ ከአምስቱ አራተኛ ወጣች። ማታ ወደ አዲስ አበባ ተደወለ።

«በረዶው ራስሽን አልደበደበሽም ወይ፣ የኔ እናት?» አለቻት አያቷ።

«አይ፣ እማማ፤ እሱ ከላይ አይመጣም። ከላይ የምመጣው እኔ ነኝ።»

አያትየዋ ጥቂት ዝም ብላ፣ ስልኩን ለእናትሽ ስጪያት አለች።