ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪናና ስለ ሐሙስ ሌሊት

ንጽሕና የቤት ጌጥ መሆኑን የማይመሰክር ሰው የለም። ዳሩ ግን ያ ጌጥ በማን ክንድና በማን እንቅልፍ እንደሚገዛ የሚጠይቅ አባወራ ጥቂት ነው። እሑድ ማለዳ ነጭ ነጠላ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ቤተ ሰብ የሚያይ ሁሉ ንጣቱን ያደንቃል፤ ንጣቱ የተገኘበትን ሌሊት ግን የሚያውቀው ያጠበው ብቻ ነው። ዛሬ በቤታችን ስለሚገኝ ስለ አንድ የልብስ ማጠቢያ መኪና ለአንባብያን ለመጻፍ ያነሣሣን ያ ሌሊት ነው።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ ነው። ቀድሞ የእርሻ ማሳ በነበረው በዚህ ሜዳ ላይ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቆመውበታል። ከተማይቱ ውሃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከዚህም በቀር በአቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ሆኖም ለሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይዳረስ ውሃ የሚታደለው በፈረቃ ነው። የእኛ ሰፈር ተራ ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ሌሊት ይውል ነበር። እኛም መምህር እንደ መሆናችን፣ ዓርብ ጠዋት ከክፍላችን ገብተን ስናስተምር አንድ ነገር እናስተውል ነበር፤ ወንዶቹ ነቅተው ሲቀመጡ፣ ከልጃገረዶቹ ብዙዎቹ ጣቶቻቸው በሳሙና ተልጠው፣ ዓይኖቻቸው እየተከደኑ ያንቀላፉ ነበር። ከነዚያም አንዷ የገዛ ልጃችን ነበረች።

ልብስ ማጠብ ተራ ነገር ተብሎ የሚታለፍ ሥራ ነው። ነገር ግን ሊቁ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ ተመልክተው፣ ከማጠቢያው በታች በወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማየታቸው፣ የቢልሐርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ሊያገኙ ችለዋል። እናቶቻችን በየወንዙ ዳር የሚሠሩትን ሥራ ቆም ብሎ የሚያይ ሰው ትምህርት አያጣም ማለት ነው። ስለዚህ እኛም አንድ ሐሙስ ሌሊት ሰዓታችንን ይዘን ከሳፋው አጠገብ ተቀመጥን። ውሃው ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ ጀሪካኖቹ ተሞሉ፤ ከዚያ መዘፍዘፍ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መጭመቅ ተከተለ። ባለቤታችንና ልጃችን የሰባት ሰው ልብስ አጥበው ሲጨርሱ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። አምስት ሰዓት መሆኑ ነው። ልጃችን በዚያ ዓመት ለብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ ነበረች።

በዚሁ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ ጠቅልሎ የገባ አንድ ዘመዳችን፣ ከዕቃው ጋር ያመጣውን የልብስ ማጠቢያ መኪና ከአገራችን ኤሌክትሪክ ጋር አልስማማ ቢለው «ከፈለጋችሁ ውሰዱት» አለን። መኪናው ከላይ የሚከፈት፣ ገንዳው ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ አራት ሰው የሚያቃስት ክብደት ያለው ነው። በመካከሉ እንደ ወተት መናጫ ልብሱን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝ ዓምድ ቆሞበታል። ይህ የመናጥ ዘዴ በዓለም የተስፋፋው በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት፣ በኒውተን ከተማ ይሠራ የነበረው ሜይታግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 መናጫውን ከገንዳው ሥር አድርጎ ካወጣ ወዲህ ነው። የጀርባውን ቆርቆሮ ፈትተን ስናይ፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ፑሌጃ፣ ኩሽኔታዎችና እንደ ግድግዳ ሰዓት የሚሽከረከር የጊዜ መቁጠሪያ አገኘን። ዓይን አይቶ ሊረዳው፣ እጅም ፈትቶ ሊገጥመው የሚችል ዕቃ በመሆኑ ደስ አለን።

የመጀመሪያው ችግር ኤሌክትሪኩ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 220 ቮልት ሲሆን የሚመላለሰው 50 ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ምልልሱን ሊለውጥ አይችልም። በ60 የለመደ ሞተር በ50 ሲሠራ በደቂቃ 1725 ጊዜ መዞሩ ቀርቶ ወደ 1425 ገደማ ይወርዳል፤ 120 ቮልት እንደ ሆነ ከተሰጠውም ከመጠን በላይ ይግላል። መፍትሔው ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ አይርቅም፤ 120 ለ60 ሲካፈል 2 ነው፤ 100 ለ50 ሲካፈልም 2 ነው። ስለዚህ 100 ቮልት የሚያወጣ፣ የሞተሩን መነሻ ጉልበት የሚችል የ2000 ዋት ትራንስፎርመር በባለሙያ አስጠመጠምን። እግር በእርጥብ ወለል ላይ የሚቆም ነውና ከመኪናው ገላ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦም አስገጠምን። ይህን ያለ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ማንም እንዳይሞክረው አደራ እንላለን።

የቶርኖ ባለሙያው ደግሞ «ጋሼ፣ የሞተሩን ፑሌጃ በአምስተኛ እጅ ላሳድገውና እንደ አገሩ ይፍጠን» አለን። ስናሰላው ግን ሳያስፈልግ ቀረ። ሞተሩ ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ሲዘገይ፣ የጊዜ መቁጠሪያውም በዚያው ልክ ይዘገያል፤ በአገሩ 30 ደቂቃ የሚፈጀው በእኛ ቤት 36 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ መናጫው የሚወዛወዘው ብዛት አይጎድልም። ጭመቃው ላላ ማለቱ እውነት ነው፤ ያንን ግን የቂሊንጦ ፀሐይና ነፋስ ይሞሉታል። ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ከማስቸኮል ስድስት ደቂቃ መታገሥ ይሻላል ብለን ፑሌጃውን እንዳለ ተውነው።

ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። የመኪናው የውሃ መግቢያ የሚከፈተው በቧንቧ ግፊት ሲሆን፣ ከጓሮ ባቆምነው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ከመኪናው አፍ በላይ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ ግፊቱ እጅግ ትንሽ ነው። እኛም መግቢያውን ተውንና፣ ሳራቺኔስካ የተገጠመለት የውሃ ጎማ በክዳኑ በኩል አስገባን። ከላይ የሚከፈት መኪና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም፤ ልኩ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሲደርስም ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሐሙስ ሌሊት ቢመጣ ሮቶው ራሱ ይሞላል፤ እኛ እንተኛለን፤ አጠባውም ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ይሆናል። ፈረቃው ተዛብቶ ለሰንበት ወይም ለበዓል ቢውል እንኳ፣ ውሃው ያመልጠናል ብሎ በዓሉን የሚሽር የለም።

ይህ ዓይነት መኪና ግን ውሃ ጠጪ ነው። የእኛው አንድ ጊዜ ሲሞላ 60 ሊትር፣ ለማጠቢያና ለማለቅለቂያ 120 ሊትር ይወስዳል፤ ሦስት ዙር ቢታጠብ 360 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ የመውጫውን ጎማ ወደ በርሜል አዙረን የመጀመሪያውን ዙር ማለቅለቂያ ለሁለተኛው ዙር ማጠቢያ፣ የሁለተኛውን ለሦስተኛው አደረግን። በዚህም 360 የነበረው ወደ 240 ሊትር ወረደ፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል ይሆናል። ሥርዓቱም ነጩ ልብስ ቀድሞ፣ ባለ ቀለሙ ተከትሎ፣ የሥራ ልብስ በመጨረሻ ነው። ነጠላ በመናጫው እንዳይጠመጠም በትራስ ልብስ ውስጥ ታስሮ ይገባል፤ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ እጅግ ስለሚከብድ ብቻውን በመናጫው ዙሪያ እኩል ተደርጎ ይቀመጣል።

አብረውን የሚኖሩት እናታችን መኪናውን ለብዙ ቀን በዝምታ ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፣ ይህ ብረት አንገትጌን ከጀርባ ለይቶ ያውቃልን?» ብለው ጠየቁን። አያውቅም፤ አንገትጌና እጅጌ አስቀድሞ በእጅ መታሸቱ አልቀረም። ነገር ግን የእናታችን ጥያቄ ሌላ ጥያቄ አስነሣብን፤ ይኸውም መኪናው ያተረፈው ሰዓት የማን ይሆናል የሚለው ነው። የስዊድኑ ሐኪምና ፕሮፌሰር ሐንስ ሮስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረጉት ንግግር፣ እናታቸው ልብሱን ለመኪናው ከሰጡ በኋላ እርሳቸውን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዱ እንደ ነበር ተናግረዋል። በአንጻሩ አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትስ ካዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቤት ውስጥ መኪናዎች ሲበዙ የንጽሕናው መለኪያም አብሮ ከፍ ስላለ፣ ሌላው ሰው የሚያግዘውም ስለቀረ፣ የእናቲቱ ድካም እንደ ታሰበው አለመቀነሱን አስረድተዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መኪናው ሰዓት ያተርፋል፤ ሰዓቱን የሚያከፋፍለው ግን ቤተ ሰቡ ነው።

ስለዚህ በቤታችን ሦስት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ የተለበሰ ልብስ ካልቆሸሸ ወደ መኪናው አይገባም። ሁለተኛ፣ ውሃ መቅዳትና ከበርሜሉ በባልዲ መመለስ፣ ማስጣትና ማጠፍ የሁለቱ ወንዶች ልጆቻችን ሥራ ነው፤ የቺንጋውን መላላት መመርመርና መኪናውን መወልወል የእኛ ነው። ሦስተኛ፣ የሐሙስ ሌሊት የልጃችን ነው፤ ከፈለገች ታጥና፣ ከፈለገች ትተኛ፣ ማንም አይጠራትም። ታላቁ ወንድ ልጃችን መጀመሪያ «ጓደኞቼ ሳሰጣ ካዩኝ ይስቁብኛል» ብሎ ነበር። እናታችንም «ይሳቁ፤ የሚስቁት የለበሱትን ማን እንዳጠበላቸው ጠይቃቸው» አሉት። ከዚያ ወዲህ ያለ ክርክር ያሰጣል።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ቤተ ሰቦች፣ ከማማሩ በፊት ቀላልነቱን ተመልከቱ፤ ኩሽኔታውና ቺንጋው ከገበያ የሚገኝ፣ ውሃ በባልዲም ቢሆን የሚቀበል፣ በሰፈራችሁ ባለሙያ የሚፈታ ይሁን። መኪና ለመግዛት አቅም የሌለን ብዙዎች ነን፤ ለእነርሱም የምንለው አለ። የሥራው ክፍፍል ገንዘብ አይጠይቅም። አባወራውና ወንዶቹ ልጆች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሳፋው አጠገብ ቢቀመጡ፣ አምስቱ ሰዓት ያለ ኤሌክትሪክም ያጥራል። እሑድ ማለዳ የምንለብሰው ነጭ ልብስ በቤቱ ሁሉ እጅ የነጻ እንዲሆን፣ አጥቢዎቹም ነቅተው እንዲያስቀድሱ አምላካችን ይርዳን።