ተሳትፎ ወይስ ጫጫታ?

«ዘመኑ የሕዝብ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ጋዜጠኛ ሆኗል» ሲባል ሳትሰሙ የቀራችሁ አይመስለኝም። ስልኩን ከኪሱ ያወጣ ሁሉ ይጽፋል፣ ይናገራል፣ ይቀርጻል። ይህን የሚጠላ ቢኖር ሳንሱርን የሚናፍቅ ብቻ ነው። ለመሆኑ ግን መጮህና መሳተፍ አንድ ናቸው ወይ? ጥያቄውን የማነሳው አገር ቤት ሳለሁ እንጀራዬ ጋዜጠኝነት ስለነበረ፣ በባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲም ያጠናሁት ይህንኑ፣ ማለትም አንባቢና አድማጭ በዲጂታል ሚዲያ ውስጥ ያለውን ድርሻ ስለሆነ ነው።

ምሁራን ነገሩን «አሳታፊ ባህል» ይሉታል። አሜሪካዊው ሄንሪ ጄንኪንስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቴሌቪዥን ተመልካች የቀረበለትን ዝም ብሎ የሚውጥ ሳይሆን ራሱም የሚፈጥር መሆኑን አሳይቷል። በ2006 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአሳታፊ ባህልን ምልክቶች ዘረዘረ። አንዱ በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ይህንኑ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተረስተዋል፤ የሚያውቅ ሰው ጀማሪውን ያስተምራል፣ እያንዳንዱ የእኔ ድርሻ ዋጋ አለው ብሎ ያምናል፣ ሰዎቹም እርስ በርስ ይተሳሰባሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ በተከፈቱት የግል ጋዜጦች ውስጥ የአንባቢያን ደብዳቤ ትልቅ ቦታ ነበረው። እኔ ወደ ሙያው የገባሁት ዘግይቼ ቢሆንም፣ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ዝግጅት ክፍል ድረስ የሚመጣ አንባቢ አጋጥሞኛል። «ይህን በምን አወቁ? ምስክር አለዎት?» ብለን እንጠይቀው ነበር። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግን በሳምንቱ ማስረጃውን ይዞ ይመለሳል። ያ ሰው ተሳታፊ ነበር እላለሁ። የሚናገረውን ለማስረዳት ደክሟልና።

በዲጂታሉ ዘመንም ይህ ይቻላል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኦ ዮን ሆ የተባለ ጋዜጠኛ በየካቲት 2000 «ኦማይኒውስ» የተባለ የኢንተርኔት ጋዜጣ መሠረተ። መፈክሩ «እያንዳንዱ ዜጋ ጋዜጠኛ ነው» የሚል ሲሆን፣ በ727 ዜጋ ዘጋቢዎች ጀመረ። ጸሐፊዎቹ በእውነተኛ ስማቸው ይመዘገባሉ፣ አዘጋጆችም ጽሑፉን ይመረምራሉ። በ2002 ምርጫ ያሸነፉት ሮህ ሙህዩን የመጀመሪያ ቃለ ምልልሳቸውን የሰጡት ለዚሁ ጋዜጣ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ በሩ ላይ ግን ጠያቂ አለ።

ፌስቡክን የመሰሉ ድርጅቶች ደግሞ ጠያቂውን አስወጥተው ቆጣሪ ማሽን አስቀመጡ። ማሽኑ የሚቆጥረው እውነቱን ሳይሆን ስንት ሰው እንደነካው ነው። በ2021 ከወጡት የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች እንደታወቀው፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ምልክትን ጨምሮ የስሜት ምልክቶች ከ«ላይክ» አምስት እጥፍ ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። ለቁጣ የሚሰጠው ነጥብ ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የተቆጣ ሰው ሐሳቡ የተሰማለት ሲመስለው፣ ለማሽኑ ማገዶ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሰነዶቹን ያወጣችው ፍራንሲስ ሀውገን በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች።

ወዲያው በኅዳር 2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መአረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተሰራጭቶ ነበር። ልጃቸው አብርሃም፣ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሜ አመልክቻለሁ በማለት በ2022 መጨረሻ ኬንያ ውስጥ ድርጅቱን ከሰሰ። ድርጅቱ የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ሲል ወስኗል።

ወገኖቼ፣ ኩባንያውን መክሰስ ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያባዛው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጣትም አለበት። እኛ በስደት ያለነው ደግሞ የተለየ ዕዳ አለብን። እዚህ በሞቀ ቤት ተቀምጠን የምናስተላልፈው ቃል የሚያርፈው እዚያ፣ ጎረቤቱን በሚፈራ ሰው ደጃፍ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለም አባቶቻችን?

ዝም እንበል ማለቴ አይደለም፤ ለዝምታማ አገር ቤትም ተገድደን ነበር። የምለው፣ የአንድ ሰው ስም የተጠቀሰበት ወሬ ሲደርሰን «ይህን በምን አወቅህ?» ብለን ላኪውን እንጠይቅ። መልስ ከሌለው እኛ ዘንድ ይቅር። ስህተት ሆኖ ከተገኘም ባስተላለፍንበት ቦታ እናርመው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚለው ተረት የሚጠይቀን ይህንኑ ነው፤ ተሳትፎ ማለትም ይኸው መላ ነው።