ደቻቱ ደርቋል… ትከሻ ግን አልረሳም!

ድሬዳዋ ሲባል ለብዙዎቻችሁ የሚታወሳችሁ ባቡሩና ሙቀቱ ነው። ዛሬ ግን ይዘናችሁ የምንሄደው ወደ መጋላ ነው፤ የምናወራውም ስለ አንገት፣ ስለ ወገብና ስለ ድንጋጤ። ምን አገናኛቸው? ቆይ፣ አንቸኩል!

ደቻቱ ወንዝ ድሬን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው ባቡር ጋር የተወለደችው፣ መንገዷ ቀጥ ያለው፣ ዛፍ ጥላ የጣለባት ከዚራ አለች። ድልድዩን ስትሻገሩ መጋላ! ጠባብ መንገድ፣ ባለ ቅስቱ የቀፊራ ገበያ፣ የቅመም ሽታ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ተደባልቀው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ሽርጥ ያገለደመ ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። ማታ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ሰው ደጅ ወጥቶ ይጫወታል። «አቦ ቁጭ በል!» ካሏችሁ እምቢ ማለት ነውር ነው።

ወንዙ ታዲያ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ፣ በሐረርጌ ደጋ፤ ጎርፉ የሚወርደው ግን ታች በተኛው ላይ! ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ደቻቱ እንቅልፍ ላይ የነበረን ሕዝብ ደርሶበት ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። በኋላ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠራ። ለሰው ጡንቻስ ማን ግንብ ይሥራለት?

አንዲት የመጋላ እናት እንዲህ አሉን፦ «ተራራው ላይ ደመና ሲጠቁር አንገቴ ግትር ይላል። ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለሽም ተባልኩ። አንዲት ወጌሻ ግን ዘይት ለብ አድርጋ ስታሸኝ ሳላስበው አለቀስኩ። የዚያን ቀን ተኛሁ።»

ሴትየዋ አላበዱም፤ ሕመሙም ውሸት አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አደጋው አልፎም አንዳንዱ ሰውነት «አለፈ» የሚለውን ወሬ አይሰማም። ውጥረቱ ሲቆይ ሕመም ይሆናል። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል፤ ራጅ ላይ ምንም ሳይታይም ሊኖር ይችላል።

አሜሪካዊው ፒተር ሊቪንና የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ቤሰል ቫን ደር ኮልክ ድንጋጤ በወሬ ብቻ አይለቅም፣ በሰውነትም በኩል ይታከም ብለው ጽፈዋል። የሁለተኛው መጽሐፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ዓለምን አነጋግሯል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ዘዴዎች ማስረጃ ገና እየተሰበሰበ ነው፤ በደንብ የተፈተነው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረገው የንግግር ሕክምና ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1. ትንፋሽ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ፤ ለ5 ደቂቃ። ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ያረጋጋል። ገንዘብ አይጠይቅም!

2. እንቅስቃሴ። የሚያመውን ቦታ ጨርሶ ማሳረፍ ይብሱን ያደርቀዋል። ጀምበር ስትበርድ በእግር ሂዱ።

3. ወጌሻ። ለተወጠረ ጡንቻ ጥሩ እጅ ያሳርፋል። ለስብራት ግን ቀጥታ ሆስፒታል! አጥብቆ በማሰር ደም ተቋርጦባቸው እጅና እግራቸውን ያጡ አሉ። «አመመኝ፣ ተው» ስትሉት የማይሰማ፣ ወይም እጁን ወደማይገባ ቦታ የሚሰድ ሰው ሐኪም አይደለም፤ ተነሥታችሁ ውጡ።

4. እንቅልፍ። ቅዠት ያስቸገረው ሰው በጫት ልርሳው ካለ እንቅልፉን ይብስ ያጣል።

እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቅዠቱና መባነኑ ከአንድ ወር ካለፈም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ማየት አያሳፍርም። ድሬ ውስጥ ላላችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ።

አንድ ነገር ግን ከመጋላ ተማሩ፦ የደነገጠን ሰው ብቻውን አትተዉት። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ሻይ ቅዱለት፣ ሲናገር ስሙት፤ ዝም ካለም አብራችሁት ዝም በሉ።