ከጉልበት በፊት ፍሬን

ወደ ጀርመን አገር የሄድህ እንደ ሆነ ከኮሎኝ ከተማ በስተደቡብ ያለውን የአይፍልን ተራራማ አገር ሳታይ አትመለስ። በዚያ ደን መካከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 የተመረቀው የኑርቡርግሪንግ የእሽቅድምድም መንገድ ይገኛል። ሰሜናዊው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ስፍራ 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ቀን ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ በገዛ መኪናው ይዞርበታል። መንገዱ ግን ለማንም አይራራም፤ ስመ ጥሩው ኒኪ ላውዳ እንኳ በ1976 እዚሁ በእሳት ተቃጥሎ ለጥቂት ተርፏል።

ስለዚህ እንደ ጎልፍ ጂቲአይ ያለችውን ትንሽና ፈጣን መኪና ይዘው የሚመጡት ብልሆች የሚያበጇት በደረጃ ነው። አስቀድሞ የፍሬኑ ዘይትና ሸራ ይለወጣል፤ ውሃ የሳበ አሮጌ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላልና፥ ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም። ቀጥሎ ጎማው፥ ከዚያም ሞላውና አሞርዛተሩ ይታያል። የሞተሩ ጉልበት የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው ማቆሚያውን ሳያበጅ ፍጥነት የገዛ ነው።

እንግዲህ አንተም መኪና ስትመርጥ፥ ምን ያህል ትሮጣለች ከማለትህ በፊት እንዴት ትቆማለች ብለህ ጠይቅ።