ወንዝ መከተልና ወንዝ መሻገር

ጀርመን አገር ሞዘል ወንዝ ዳር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት የሚያየው በዓይኑ ብቻ ነው። ትሪየር ከባሕር ወለል በላይ 130 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሞዘል ከራይን የሚቀላቀልባት ኮብሌንዝ ደግሞ 65 ሜትር ገደማ ላይ። ወንዙ በሁለቱ መካከል እየተጠማዘዘ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ያን ሁሉ ሄዶ የሚወርደው ግን 70 ሜትር እንኳ አይሞላም። ግራና ቀኙ የወይን ገደል ነው። ብሬም ከምትባለው መንደር በላይ ያለው የካልሞንት ማሳ ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ስለሆነ ገበሬው መሣሪያውንና ፍሬውን የሚያመላልሰው በአንዲት ሐዲድ ላይ በምትንፏቀቅ ትንሽ ባቡር ነው። ብስክሌተኛው ታች ለጥ ባለው አስፋልት ላይ ሆኖ ይህን አንጋጦ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይቀጥላል።

እኔም እግሬን ያሠለጠንኩት እዚያ ነው። ታዲያ አገር ቤት ስገባ ይህንኑ ጉዞ የት ልድገመው ብዬ ሳስብ በመጀመሪያ የመጣልኝ ዝዋይ ነበር፤ ካስቴል የሚባለው የወይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሽያ የተባሉትን ወይኖች ገበያ ያወጣው እዚያ ካለው እርሻ ነውና። ዝዋይ ግን ሜዳ ነው፣ ወይኑም የአንድ ኩባንያ ነው። የሞዘልን ወንድም የፈለገ ሰው መፈለግ ያለበት ወይን አይደለም። አንድ ፍሬ የአገሩን ኮረብታ ሁሉ የያዘበት፣ ሠርጉም ዕዳውም የትምህርት ቤት ደብተሩም የለቀማውን ወር የሚጠብቅበት አገር ነው መፈለግ ያለበት። ስለዚህ ጅማ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በአውቶቡስ ሂዱት፣ ብስክሌቱን ከላይ አስጭኑ። መኩራራት የሚፈልግ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ድልድይ ይውረድ፤ ወደ 800 ሜትር ቁልቁለት ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለውን የአበልቲን አቀበት ሲያይ ግን ሐሳቡን ይቀይራል።

የሁለቱ አገር ልዩነት የገባኝ ከጅማ ወደ አጋሮ ስነዳ ነው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሞዘል ላይ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚያልቅ ነው። እዚህ ግን መንገዱ ወንዝ አይከተልም። ተረተሩን ይዞ ይሄዳል፣ ወንዝ ሲያገኝ ይወርዳል፣ በድልድይ ይሻገራል፣ መልሶ ይወጣል። ጅማን የሚሰነጥቀው አዌቱ ውኃውን ለግልገል ጊቤ ይሰጣል፤ ግልገል ጊቤ ከታች አሰንዳቦ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረውን ግድብ ሞልቶ ወደ ኦሞ፣ ከዚያም ቱርካና ሐይቅ ይገባል። አጋሮ በኩል የወደቀው ዝናብ ግን ዴዴሳን ይዞ አባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። ብስክሌተኛው በዚያች ግማሽ ቀን የሁለት ትልልቅ ወንዞችን ድንበር ይሻገራል፤ ሰሌዳ ግን የለውም። ጀርመን ቢሆን ሰሌዳው፣ አግዳሚ ወንበሩና የመግለጫው ካርታ ከሩቅ ይታይ ነበር።

መንገዱ ተረተር የሚከተለው ሰፈሩ እዚያ ስለሆነ ነው፤ ሰው ግን ለምን ከወንዝ ሸሸ? ምክንያቱ ቀላልና ከባድ ነው። ሞዘል ከሮማውያን ጊዜ ጀምሮ የጀልባ ንግድ መንገድ ስለነበር ከተሞቹ ውኃው ጫፍ ላይ ተደረደሩ። የጊቤና የዴዴሳ ሸለቆ ግን ወባ አለበት፣ ከብት የሚፈጅ ገንዲም አለበት። ስለዚህ ሰው ደጋውንና ወይና ደጋውን ያዘ። ቡናም የሚወደው ወይና ደጋውን ነው። አባ ጅፋር ዳግማዊም (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት) ቤተ መንግሥታቸውን ጅሬን ኮረብታ ላይ ያደረጉት ገበያውን ከላይ ሆነው ለማየት ይመቻቸው ዘንድ ይመስለኛል። ወደ ጅሬን የሚወስደው አቀበት አጭር ነው፤ ሳንባን ግን ይፈትናል። እዚያ ጫፍ ላይ ሳትወርዱ ከደረሳችሁ የቀረው የጅማ ዙሪያ መንገድ አያስፈራችሁም።

ሌላው ነገር እይታው ነው። ሪዝሊንግ የሚባለው ወይን ፀሐይ ፈላጊ ስለሆነ ጥቁር ስሌት ድንጋይ ላይ በረድፍ ተሰልፎ ይታያል፤ ብስክሌተኛውም አብሮት ይጠበሳል። ጅማ ላይ ቡናው ጥላ ሥር ነው። በላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሳሳ ተዘርግተዋል፤ ቡናው ከሥራቸው ተሸሽጓል። ያልለመደ ዓይን ደን ውስጥ የሚነዳ መስሎት ስንት የቡና እርሻ ያልፋል። የሚያጋልጠው ለቀማ ነው። ኅዳር ላይ ከጥላው ውስጥ የሴቶች ጨዋታ ይሰማል፣ ቅርጫት ይታያል፣ በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቶ ዶሮ ሲባረር ታያላችሁ። የእጥብ ቡና ጣቢያ መቃረቡን አፍንጫ ቀድሞ ይናገራል፤ የተላጠው ገለባ የሚሸተው ከጠላ ጥንስስ ብዙም የራቀ አይደለም።

ጠላ ካነሳሁ፣ ሞዘል ላይ የወይን ገበሬ በዓመት እስከ አራት ወር ግቢውን ከፍቶ የራሱን ወይን መሸጥ ይችላል። ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከ40 መቀመጫ ግን ማለፍ የለበትም። ምልክቱ በር ላይ የሚንጠለጠል መጥረጊያ ወይም የቅጠል ጉንጉን ነው። ይህን መጀመሪያ ሳይ የሳቅኩት የእኛ ጠላ ቤት እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ የሚያቆመው ትዝ ብሎኝ ነው። ብስክሌተኛው ይቆማል፣ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ብርጭቆው መብዛት የለበትም፤ የጀርመን ሕግ በደሙ 1.6 ፕሮሚል አልኮል የተገኘበትን ብስክሌተኛ እንደ ወንጀለኛ ያየዋል። ጅማ ላይ በረካውን ሳይቀር ጠጥታችሁ ብትነዱ የሚከሳችሁ የለም፤ እንቅልፍ ካጣችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ችግሩ መክፈሉ ላይ ነው። ከየቡ ከተማ አለፍ ብሎ ውኃ ልለምን አንድ ግቢ ጎራ አልኩ። እናትየዋ ላቤን አይተው፣ «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ» (ና፣ ቡና ጠጣ) አሉኝ። ዱካ ቀረበ፣ ቆሎ መጣ፣ ሁለት ጎረቤቶች ተጠሩ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ ድረስ ፀሐይዋ ዘመመች። ልነሣ ስል ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ብከት ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ እንግዳ ላይ ቡና ይሸጣል እንዴ?»

ለልጆቹ ብስኩት ገዝቼ ተመለስኩ፤ እሱንም በግድ ነው የተቀበሉኝ። መስተንግዶው ኩራት ነው፣ ማንም ዋጋ እንዲለጥፍበት አልመኝም። ግን ሞዘል ላይ የብስክሌተኛው ገንዘብ በቀጥታ ገበሬው እጅ ይገባል፤ ጅማ ላይ ብስክሌተኛው የገበሬውን ቡና ጠጥቶ ባዶውን ያልፋል። ይህ ሊስተካከል የሚችል ይመስለኛል፣ መስተንግዶውን ሳይነኩ።

እንዴት? ስኒውን ሳይሆን ከረጢቱን በመሸጥ። የሞዘል ጠርሙስ ላይ የመንደሩ ብቻ ሳይሆን የማሳው ስም ይጻፋል፤ «በርንካስትለር ዶክቶር» የሚባል ወይን ያን አንድ ተዳፋት ነው የሚያመለክተው። የጅማ ቡና ግን ለረጅም ጊዜ ስም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ አንድ ላይ ይሸጥ ጀመር፤ የቾጬ ይሁን የየቡ፣ ገዢው የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዩኒየኖቻቸው በኩል በቀጥታ መሸጥ ስለሚችሉ በዚያ በር ስም የወጣላቸው አሉ፤ ከአጋሮ አጠገብ ያለው ዱሮሚና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ ውድድር ዳኞች አንደኛ ብለውታል። ዝርያዎቹ እንኳ ታሪክ አላቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ከገባ በኋላ መልኮ የሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ውስጥ ያለው 74 የተሰበሰቡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። የውጭ ቡና ቆዪ ይህን ቁጥር ከረጢት ላይ ይጽፈዋል።

«አጋሮ» የሚል ከረጢት ውጭ አገር በምኖርበት ከተማ መደርደሪያ ላይ አግኝቻለሁ። አጋሮ ከተማ ውስጥ ግን የቀበሌ ስም ያለበት የተቆላ ግማሽ ኪሎ ፈልጌ አጣሁ። ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል፣ ከቡና አገር በሚወጡ መንገዶች ላይም ኬላ አለ። አገሪቱ ዶላር ትፈልጋለች፣ ይገባኛል። ይሁንና ገበሬው ለሚያልፍ እንግዳ ጥቂት ኪሎ ቆልቶ፣ የኮረብታውን ስም ጽፎ ቢሸጥ የትኛው ባንክ ይከስራል? የጫት ዋጋ እየሳበው ቡናውን ለሚነቅል ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ብስክሌቱ ራሱ ላንሣ። ሞዘል ዳር የሚያጋጥማችሁ ባለ ባትሪ ብስክሌት ላይ የተቀመጡ ጡረተኞች ናቸው፤ ሻንጣቸውን ሆቴሉ ራሱ ወደሚቀጥለው ከተማ ይልክላቸዋል። ጅማ ላይ ሳይክል የልጅና የተማሪ ነው፣ ከፍ ያለው ሰው ባጃጅ ይዟል። ሄልሜት ያደረገ ጎልማሳ ዳገት ሲገፋ ሲያዩ «መኪናህ ተበላሸ?» ይላሉ፣ ከልብ በመጨነቅ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ስነግራቸው ግን ጨዋታው ይቀየራል፤ ልጆቹ ዳገቱን አብረውኝ ይሮጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድሙኛል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ምረጡ፣ ዝናቡም ይቀንሳል፣ ለቀማውም አለ። ቀላል ማርሽ ያለው፣ ጎማው ሰፊ ብስክሌት ይዛችሁ ግቡ። ካላማደሪያ ከፈነዳ ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ የፍሬን ሸራና ሰንሰለት ግን ከውጭ ይዛችሁ ኑ፣ የእናንተ ዓይነት አይገኝም። አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ ከአስፋልቱ ውረዱ፣ መብቴ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ከአጋሮ ወደ ዴዴሳ ድልድይና ወደ በደሌ መቀጠል ከፈለጋችሁ የመንገዱን ሰላም ጠዋት መናኸሪያ ላይ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ አትሂዱ ካሏችሁ ወደ ሊሙ ገነት በኩል የሚወስደውን ጠይቁ።