ሞጆ፦ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ 70 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሞጆ ይደርሳል። ብዙ ሰው ይህችን ከተማ የሚያውቃት በመኪና መስኮት አይቶ በማለፍ ነው። ነገር ግን በየቤታችን ካለው ዕቃ የሚበዛው በሞጆ ሳያልፍ ወደ እኛ አይደርስምና፣ ስለ እርስዋ ጥቂት ማወቅ ለአንባቢ ሁሉ የሚገባ ነው።

በሞጆ አራት መንገዶች ይገናኛሉ። አንደኛው ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሁለተኛው በአዳማና በአዋሽ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል። ሦስተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም እስከ ሞያሌ ይዘልቃል። አራተኛው በጤፉ ወደ ታወቀው ወደ ምንጃር ያመራል። ስለዚህ የደቡቡ ቡና፣ የመቂና የዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የምንጃር ጤፍ፣ ከባሕር ማዶም የሚመጣው ስንዴ፣ ማዳበሪያና ብረት ሁሉ በዚህች ከተማ ይተላለፋል።

ከተማይቱ ጥንቱንም የመጓጓዣ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሞጆ ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ግን የሀገሪቱ የባሕር ንግድ በብዛት በአሰብ ወደብ ይካሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጭነቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህም በሞጆ ትልቅ ደረቅ ወደብ ተቋቁሞ፣ ኮንቴይነሮች ከባሕር እስከዚያ መጥተው የጉምሩክ ሥርዓታቸው ይፈጸማል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ሆኖም ከጭነቱ የሚበዛው ዛሬም በከባድ መኪና ይጓዛል።

ይህ ጉዞ ቀላል አይደለም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጂው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በበረሃው ሐሩር እየተቃጠለ፣ እስከ 400 ኩንታል የሚደርስ ጭነት በተሳቢ ጎትቶ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ይወጣል። ሲመለስም ያንኑ ዳገት ቁልቁል ይወርዳል። በቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል መኪናውን እንደ መግታት፣ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ነጂ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በጭንቅ ጊዜ አይታዘዝም።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ብቻ 30 ሜትር የሚሆን መንገድ ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ዐይኑን ለሦስት ሰከንድ ቢጨፍን ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። እንቅልፍን በጫትም ሆነ በቡና ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ማሸነፍ ግን አይቻልም።

ሌላው ክፉ ነገር በጨለማ የቆመ መኪና ነው። የተበላሸ ተሳቢ መብራትና አንጸባራቂ ምልክት ሳይኖረው በመንገድ ዳር ሲቆም፣ ከኋላ የሚመጣው የሚያየው ከተቃረበው በኋላ ነው። ረዳቱ ለማስጠንቀቂያ ድንጋይ ይደረድራል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀርና ለሌላው ወጥመድ ይሆናል።

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ለሚጓዙበት ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በላዩ እግረኛ፣ ጋሪና ከብት አይገቡበትምና። በከተማይቱ ውስጥ በሚያልፈው በአሮጌው መንገድ ግን ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ቅርጫት የተሸከመችው እናትና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ከከባዱ መኪና ጋር አንድ መንገድ ይጋራሉ። ከፈጣኑ መንገድ የወጣ ነጂ የፍጥነት ልማዱን ይዞ ወደዚህ እንዳይገባ እጅግ መጠንቀቅ አለበት።

የጭነት መኪና ለጭነት ብቻ የተሠራ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ከሞጆ በሚነሣው የደቡብ መንገድ እጅግ ርቆ፣ በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። በአንድ ቀን የሠርግ ቤት የልቅሶ ቤት ሆነ።

እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ ጥሎ መሄድ ፍርድ ማጓደል ነው። ዕቃው ዛሬውኑ ይድረስልኝ ብሎ በስልክ የሚያጣድፈው ነጋዴ፣ ጎማው ሳስቶ እያየ አንድ ጉዞ ይጨመር የሚለው ባለመኪና፣ በጭነት መኪና ላይ ካልተሳፈርኩ የሚለውም መንገደኛ ድርሻ አላቸው። ብዙ ነጂዎች የቅዱሳንን ሥዕል በመኪናቸው ውስጥ ይሰቅላሉ፤ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ የፍሬንን ምርመራ ወይም የአንድ ሌሊት እንቅልፍን እንዲተካ አይደለም። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀም ይሆናል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

ስለዚህ ባልዋ ወይም ልጅዋ በጅቡቲ መንገድ የሚሠራ እናት ሁሉ ስትሸኘው «ቶሎ ና» ከማለት ይልቅ «ሲደክምህ አዋሽ እደር፤ እኛ እንጠብቅሃለን» ብትለው ይሻላል። ዕቃውን የምንጠብቅ እኛም አንድ ቀን ብንታገሥ የሚጎድልብን እጅግ ጥቂት ነው።